ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ይቍጠር

ሰው በተፈጥሮው አዲስ ነገር ወዳድ ነው። ልብሱ ሳያልቅ ሌላ ልብስ ያምረዋል፤ ቤቱ ሳያፈስ ሌላ ቤት ይመኛል። ይህ ምኞት በራሱ ነውር አይደለም። አዲስ ነገር የሚመኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬም በኵራዝ እናነብ ነበር። ነውሩ የምንለውጥበትን ምክንያት ሳንመረምር ስንለውጥ፣ ከለወጥንም በኋላ ያልለወጠውን ባልንጀራችንን ስንንቅ ነው።

በዚች አጭር ድርሰት ልመረምረው ያሰብኩት ነገር በመልኩ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ሰዎች በኮምፒዩተራቸው ላይ ያለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትተው ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ምክንያት ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የባለሙያ ጕዳይ ነው፤ ከሥነ ምግባር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለህ ገጹን አትለፈው። ሰው በትልቅ ጕዳይ ላይ ተጠንቅቆ ይናገራል፤ ጠባዩ የሚገለጠው በትንሹ ነገር ነው። በዚህ ድርሰት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በምሳሌ ልንገረው። በጥንት ዘመን በትልቅ ሰው ቤት መጋቢና አጋፋሪ ነበሩ። መጋቢው የጓዳውን ሀብት ለየአገልግሎቱ ያካፍላል፤ አጋፋሪው ከበር ቆሞ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይመልሳል። ጌታው እነዚህን ሁለቱን ካላመነ ቤቱ ቤት አይሆንለትም። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም በኮምፒዩተር ውስጥ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ፕሮግራሞች እንዳይጋፉ ቦታና ጊዜ ያካፍላቸዋል፤ የጻፍነውን በየስፍራው ያኖራል፤ ማተሚያውን ያዝዛል፤ ለእንግዳ በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በግል ኮምፒዩተር ላይ ስማቸው ገንኖ የሚሰማው ሦስት ናቸው፤ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ፣ የአፕል ኩባንያ ማክ፣ እንዲሁም በብዙ አገር ሰዎች ትብብር የሚሠራው ሊኑክስ።

እንግዲህ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ለምን ይሻገራል? ለዚህ ጥያቄ በዓለም ላይ በሰፊው የተሰማውን መልስ የሰጡት ፈላስፎች ሳይሆኑ ማስታወቂያ ሠሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሂሳችንን ከእነርሱ ሥራ እንጀምር።

በ2002 የአፕል ኩባንያ ኤሮል ሞሪስ የተባለውን ስመ ጥር የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ አሠማርቶ ተከታታይ ማስታወቂያ አወጣ። ተራ ሰዎች በነጭ መጋረጃ ፊት ቆመው ዊንዶውስን ትተው ወደ ማክ የተሻገሩበትን ምክንያት በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። ይህ ሥራ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ተናጋሪዎቹ የገጠማቸውን ችግር በተራ ቋንቋ ስለሚያወሩ ሰሚው የራሱን ድካም በእነርሱ ውስጥ ያያል። ነገር ግን ምስክሮቹ ሁሉ የሚናገሩት በጫጕላው ወራት መሆኑን ልብ በል። ሙሽራ በጫጕላው ሳለ ስለ ጋብቻ ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ የታወቀ ነው። እውነተኛው ምስክርነት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሰጠው ሲሆን፣ ማስታወቂያው ግን እስከዚያ ድረስ አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ በ2006 ይኸው ኩባንያ ሁለተኛውንና ይበልጥ የታወቀውን ተከታታይ ማስታወቂያ ጀመረ፤ እስከ 2009 ድረስም 66 አጫጭር ፊልሞች ታዩ። በነጭ መደብ ላይ ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ይቆማሉ። አንዱ፣ ጀስቲን ሎንግ የተባለው ተዋናይ፣ ወጣት፣ ልብሱ ቀለል ያለ፣ ፊቱ የማይጨነቅ ነው፤ እርሱ ማክ ነው። ሁለተኛው፣ ጆን ሆጅማን፣ የቢሮ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ወፈር ያለና ሁልጊዜ ችግር የማይለየው ነው፤ እርሱ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒዩተር ነው። በአንዱ ፊልም ቫይረስ ይዞት ያስነጥሳል። በሌላው ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገ ዘበኛ ከኋላው ቆሞ ቃል በተናገረ ቍጥር «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» እያለ ያውከዋል። ይህ የመጨረሻው በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ለጥቂቱም ለብዙውም ፈቃድ እየጠየቀ ተጠቃሚውን ማሰልቸቱን የሚነቅፍ ነው፤ ነቀፋውም እውነት ነበረበት።

በጥበብ በኩል ሥራው ጕድለት የለውም። አጭር ነው፤ ማንም አይጮኽም፤ ቀልዱም ጨዋነት አለው። በምክር በኩል ግን ሁለት ጕድለት አገኝበታለሁ። መጀመሪያ፣ ተመልካቹን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ «ከሁለቱ ማንን መምሰል ትወድዳለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ። ሰው ደግሞ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ፊት ማሰብ ትቶ ማፈር ይጀምራል። ሁለተኛውና ትልቁ ጕድለት፣ ስለ አዲሱ ቤት ውበት እየነገረ በአሮጌው ቤት ስለሚቀረው ዕቃ አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። እርግጥ ነጋዴ የራሱን ዕቃ ሲያሞግስ ቢገኝ አይደንቅም። የሚያሳዝነው እኛ የነጋዴውን ውዳሴ ተቀብለን የራሳችን ምክንያት ማድረጋችን ነው።

የነገሩም ፍጻሜ ትምህርት አለው። በ2021 ያው ጀስቲን ሎንግ ኢንቴል ለተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ቀድሞ ሲቀለድበት የነበረውን ወገን ሲያመሰግን ታየ። ተዋናይ ነውና እንጀራውን በመብላቱ አልነቅፈውም። ነገር ግን በ2006 በእርሱ ልብስና ፈገግታ ተማርኮ ሲስተሙን የለወጠ ሰው ካለ፣ በ2021 ደግሞ ተከትሎት ሊመለስ ነውን?

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ከማስታወቂያው በላይ ሆኜ እንዳይመስልህ። በእኔ በራሴ የደረሰውን ልንገርህ።

በ1996 አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የቤተ ሰባችንን የትውልድ ሐረግና በዕድሜያቸው ያዩትን ሁሉ በቃል እየነገሩኝ እኔ በኮምፒዩተር ጻፍኩት። ሥራው ክረምቱን በሙሉ ፈጀ፤ 120 ገጽ ሆነ። በዚያን ጊዜ ፊደላችን ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚግባቡበት ሕግ ውስጥ ገና ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሪ የራሱን ዘዴ እያበጀ፣ ለላቲን ፊደል በተመደበው ቍጥር ላይ የእኛን ፊደል ያስቀምጥ ነበር። የአንዱ ሠሪ «ሀ» በሌላው ዘንድ «መ» ወይም ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ዊንዶውስም የአማርኛን ፊደል ከነመጻፊያው አብሮት እንዲገኝ ያደረገው ከላይ በተነገረው ቪስታ ላይ ነው።

አባቴ በ2009 ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አዲስ ዓይነት ኮምፒዩተር ይዘው ሲመጡ የእኔ አሮጌ አሳፈረኝ። ሥራዬን የሚከለክለኝ አንድም እንከን አልነበረበትም፤ ያሳፈረኝ መልኩ ብቻ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሌላ ሲስተም ያለውን ኮምፒዩተር ገዛሁ፤ ፋይሎቼን ገልብጬ አሮጌውን ለሚፈልገው ሰጠሁ። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደ ተሻገርኩ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሲስተሞቹ አይደለምና።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ እኅቶቼ «አባባ የነገሩህን አንብብልን» አሉኝ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ፋይሉን ከፈትኩት። በአባቴ ቃል ፈንታ የላቲን ፊደልና ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ ተደባልቆ ታየኝ። በወረቀት ታትሞ የነበረውን አንዱን ቅጂ አባቴ ለአንድ ዘመድ አውሰውት ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። እኔም በዚያ ጉባኤ ፊት «ኮምፒዩተሩ እንቢ አለ» ብዬ ዋሸሁ። እንቢ ያለው ኮምፒዩተሩ አልነበረም።

ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር አንዲት ሴት አገኘሁ። በአዲስ ኮምፒዩተር ትሠራለች፤ ነገር ግን ከጠረጴዛዋ ሥር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ያንን የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም የያዘ አሮጌ ኮምፒዩተር አኑራለች። ሰዎች ለምን አትጥይውም እያሉ ይስቁባት እንደ ነበር ነገረችኝ። ታሪኬን ከሰማች በኋላ «ጋሼ፣ ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን አይቈጥርም እንዴ?» አለችኝ። በትሕትና ነበር የጠየቀችኝ፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ከ120ው ገጽ 109ኙን አተመችልኝ፤ እኔም በሦስት ወር ውስጥ በአዲሱ ሥርዓት መልሼ ጻፍኩት። አሥራ አንዱ ገጽ ፋይሉ ተበላሽቶ ስለ ነበር አልተከፈተም።

ከዚህ በኋላ ሰዎች ለመሻገር የሚሰጡትን ምክንያት ሁሉ በዚያች ሴት ጥያቄ መመዘን ጀመርኩ።

አንዱ ምክንያት ግዴታ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት ወር 2025 ጀምሮ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማራዘሚያ ካልተመዘገበ በቀር፣ የጥበቃ እድሳት አይደረግለትም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ መሣሪያና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ደኅና የሚሠራ ኮምፒዩተር ሳይታመም እንደ በሽተኛ ተቈጠረ። በዚህ ምክንያት ሊኑክስን ጭኖ ያንኑ ኮምፒዩተር ማገልገሉን እንዲቀጥል ያደረገ ሰው ብልህ ነው፤ ቍጠባም በጎ ምግባር ነውና። ሆኖም የተገደደ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ አፍስሶ ይለቅማል። እርሱም ቢሆን ሥራው የሚፈልገው ፕሮግራም በአዲሱ ቤት መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሌላው ምክንያት ቍጣ ነው። በ2012 ዊንዶውስ 8 በወጣ ጊዜ፣ ከ1995 ጀምሮ ሰው ሁሉ የለመደው የመጀመሪያ ቍልፍ ከማዕዘኑ ጠፋ። ብዙዎች ተቈጡ፤ ቁልፉም በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። በቍጣ የሸሸ ሰው የሸሸው ነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። ማስታወቂያው በዘበኛ መስሎ የቀለደበት የፈቃድ ጥያቄ በ2019 በወጣው የማክ እትም፣ ካታሊና በተባለው፣ ላይ እየበዛ መምጣቱን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ታዝበዋል። እንግዶች ሲበዙ አጋፋሪው መጠየቁ አይቀርም፤ ቤት ቢለወጥም ሌባ አይለወጥምና።

ከሁሉ የከበረው ምክንያት የነጻነት ፍቅር ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ሊቅ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፣ የላቦራቶሪው ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ያስቸግር ነበር። የማተሚያውን ፕሮግራም አሻሽሎ ችግሩን ለማቃለል ምንጩን ቢጠይቅ ተከለከለ። ይህ ነገር ከልቡ ገብቶ በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለባልንጀራው ሊሰጠው የሚችል ሲስተም ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የሲስተሙን ልብ የሚሆነውን ክፍል ጀመረ፤ ሊኑክስ ከሁለቱ ድካም ተገኘ። በዚህ ምክንያት የሚሻገር ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከእነዚህም መካከል ነጻ መውጣታቸውን ለትዕቢት መሣሪያ የሚያደርጉ አሉ። ጀማሪ ሲጠይቃቸው «ፈልገህ አንብብ» ብለው ያሳፍሩታል። የነጻነት ዓላማው ባልንጀራን መርዳት ከነበረ፣ ባልንጀራን ማሳፈር ከየት መጣ?

ደግሞም የከበረ ምክንያት ብቻውን አያደርስም። ለዚህ ሁለት ምሳሌ በአውሮፓ አለ። በጀርመን የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር በ2003 ወሰነ። የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ስቲቭ ባልመር ከንቲባውን ለመለመን ራሱ ድረስ መጣ፤ ከተማውም አልተመለሰም። እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጋ ኮምፒዩተር ተሻገረ። ነገር ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለየብቻቸው የሚጠቀሙባቸው ቅጾችና ፕሮግራሞች ከቀድሞው ሲስተም ጋር የተጠላለፉ ነበሩ፤ ሠራተኞችም ከውጭ የሚመጣ ጽሑፍ ተዛብቶ ይታየናል እያሉ ያማርሩ ነበር። የከተማው አመራር ከተለወጠ በኋላ ምክር ቤቱ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። አንዱ ወገን «ሊኑክስ ወደቀ»፣ ሌላው ወገን «ፖለቲካ ጣለው» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ከሚከራከሩበት በፊት ያለውን ነገር አያለሁ፤ ከአሮጌው ቤት ጋር በብዙ ገመድ የታሰረ ሰው፣ ቍልፍ ቢያስረክብም ገና አልወጣም።

የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ የተባለው የጸጥታ ኀይል በሌላ መንገድ ሄደ። በ2005 የጽሕፈት ፕሮግራሙን ብቻ ነጻ በሆነው ለወጠ። በ2006 የኢንተርኔት ማሰሻውንና የደብዳቤ መላላኪያውን ለወጠ። ሠራተኛው በእነዚህ ከለመደ በኋላ፣ በ2008 ሲስተሙን ወደ ሊኑክስ መለወጥ ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም ቍጥሩ ብዙ አሥር ሺህ ደረሰ። ይህ ማለት ዕቃውን ቀድሞ አጓጓዘ፤ ቤቱን በኋላ ለቀቀ። ቤቱ በተለቀቀ ቀን ሠራተኛው የለመደውን ፕሮግራም በአዲሱ ቤት ቆሞ አገኘው።

ምናልባት «እንግዲህ ማንም ከነበረበት አይነቃነቅ ልትለን ነውን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት ለብዙ ስንፍና መሸፈኛ ሆኗል። በየቀኑ የሚያማርርበትን ሲስተም መማርን ስለ ፈራ ብቻ የማይለቅ ሰው፣ በኀፍረት ከለቀቅሁት ከእኔ አይሻልም። እኔ ያላየሁትን ፈለግሁ፤ እርሱ ያየውን ፈራ። ያቺ የጽሕፈት ሠራተኛ ግን ከሁለታችንም ትሻላለች። ለዕለት ሥራዋ አዲሱን ይዛለች፤ አሮጌውንም ያቈየችው ለምን እንደ ሆነ ታውቃለች። በውስጡ የሰው አደራ መኖሩን አስባ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሲስተምህን ለመለወጥ ባሰብክ ጊዜ ማን እንዳመሰገነውና ማን እንደ ናቀው ትተህ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ዕቃዬ ምንድን ነው? በየትኛው መልክ ተቀምጧል፤ ሌላ ሲስተምስ ያነብበዋልን? ነገ ደግሞ ከአዲሱ ቤት መውጣት ብፈልግ ይዤው መውጣት እችላለሁን? ለእነዚህ መልስ ካለህ፣ ብትሄድም ብትቀርም ጌታ ነህ። መልስ ከሌለህ ግን የትም ብትሆን እስረኛ ነህ፤ ልዩነቱ የእስር ቤቱ ቀለም ብቻ ነው።

እኔ ዛሬ የአባቴን ቃል በማንኛውም ሲስተም በሚነበብ መልክ አስቀምጬዋለሁ፤ በወረቀትም አሳትሜ ለእኅቶቼና ለልጆቻቸው አንዳንድ ቅጂ ሰጥቻለሁ። ከገጽ 46 እስከ 56 ያለው ባዶ ነው። በዚያ ስፍራ የአያቴ እናት ከትውልድ መንደራቸው የወጡበት ምክንያት ተጽፎ ነበር። ልጆቹ ሲያነቡ እዚያ ደርሰው «ከዚህ በኋላ ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አባቴ ነግረውኝ ነበር፤ በኮምፒዩተሩ ተማምኜ በቃል አላጠናሁትም።